ኦልጋን በማን ዓይን እናያታለን?

ራይስዋይክ ለምንኖር ሰዎች ፖል ቨርሁቨን ሩቅ አይደለም፤ በጦርነቱ ዘመን ልጅነቱን ያሳለፈው እዚሁ አጠገባችን፣ ዘ ሄግ ነው። ሆሊውድ ሳይወስደው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የሠራው «ቱርክስ ፍሩይት» ከሦስት ሚሊዮን በላይ የሆላንድ ተመልካች አግኝቷል። በ1999 ደግሞ የክፍለ ዘመኑ ምርጥ የሆላንድ ፊልም ተብሏል። ከያን ቮልከርስ ልቦለድ የተወሰደ ነው። ኤሪክ የተባለ ቀራፂ ኦልጋን ያፈቅራል፣ ያገባል፣ ያጣታል፤ ዳግም ሲያገኛት አንጎሏ ውስጥ ዕጢ በቅሏል።

ስለ ፊልሙ ሲወራ የተዋንያኑ አመራረጥ ሳይነሳ አይቀርም። ሩትገር ሃወር በ1969 በቨርሁቨን የቴሌቪዥን ድራማ «ፍሎሪስ» ላይ ባለ ሰይፍ ፈረሰኛ ሆኖ የታወቀ ፊት ነበር። ሞኒክ ቫን ደ ቬን ግን ማስትሪኽት የቲያትር ተማሪ ነበረች፤ ይህ የመጀመሪያ ፊልሟ ነው። «ዳይሬክተሩ አገኛት» ይባላል፤ የጠፋ ዕቃ ይመስል! አባባሉ የሚሸፍነው ነገር አለ። ገና ጀማሪ የሆነች ወጣት ከታወቀ ተዋናይ ጎን ቆማ፣ ደራሲውም ዳይሬክተሩም ቀራፂውም ወንድ በሆኑበት ታሪክ ውስጥ እርቃኗን ትታያለች። ታሪኩን የሚያስታውሰው ኤሪክ ነው፤ ኦልጋ ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምታስብ አናውቅም። እናቷማ ክፋት ብቻ ሆና ተስላለች፤ ይህ የፊልሙ ትልቁ ድክመት ይመስለኛል።

ወሬ ወዳዱ ፍቅሩን በሁለቱ መሪ ተዋንያን መካከል ሲፈልግ፣ ቫን ደ ቬን ያገባችው የካሜራ ባለሙያውን ያን ደ ቦንትን ነው። ይህ ተራ ሐሜት ቢመስልም እኔን ወደ ፊልሙ መልሶኛል። ኤሪክ ሲጮህና ሲሳደብ ካሜራው አብሮት ይሮጣል፤ ኦልጋ ስትስቅ ግን ይዘገያል፣ ይጠብቃታል። ትዳሩን ባላውቅ ኖሮ ይህን አስተውል ነበር? እንጃ። (ለውጭ አገር ፊልም የሚሰጠውን ኦስካር ያጣውም፣ ከቀረፃ ጀርባ ስላለ ፍቅርና ጭቅጭቅ በሚተርከው የትሩፎ «የአሜሪካ ሌሊት» ተሸንፎ ነው።)

ጀማሪዋ ተማሪ ፊልሙን የምትወስደው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ኦልጋ ጠንካራ ምግብ ጥርሴን ያረግፈዋል ብላ ትፈራለች፤ የምትበላው ኤሪክ የሚያመጣላትን ለስላሳ የቱርክ ጣፋጭ ብቻ ነው። ቫን ደ ቬን እዚህ ላይ እንድናዝንላት አትለምንም። እንደ ሕፃን በደስታ ትጎርሳለች። ፊልሙን ሙሉ ሲያወራ የቆየው ኤሪክም ዝም ብሎ ያያታል።