ለእንግዳ ቅጽ የለንም

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይባላል። እኔ የጎረጎርኩት ግን ዓሣ ሳይሆን የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ያስተማርኩት፣ ዛሬ ሚኒሶታ የሚኖር ልጅ ለእረፍት መጣና አዳማ እኔ ቤት አረፈ። ሻንጣው ውስጥ ተጣጣፊ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዟል። «ጋሼ፣ አንድ ቀን ሐይቅ ዳር እንዋል» አለኝ። ስሟን ወደማልጠራት አንዲት የስምጥ ሸለቆ ከተማ ወረድን። ልጁ የሰው አገር ሕግ አስለምዶታልና «ያለ ፈቃድ መንጠቆ ውኃ አላስነካም» አለ። ቢሮ ገባን።

«የየትኛው ማኅበር አባል ናችሁ?» አለ ባለሙያው። የማንም። «የቀበሌ መታወቂያ?» የእኔ የአዳማ ነው፣ ያውም እዚያው ክልል ውስጥ። የልጁ የውጭ ፓስፖርት ነው። «እናንተማ እንግዳ ናችሁ፤ ለእንግዳ ቅጽ የለንም» አለን በትሕትና። የሚቀጥለው ክፍል ስንገባ ደግሞ «ለመዝናናት ከሆነ ማን ይጠይቃችኋል? ዝም ብላችሁ አጥምዱ!» ተባልን። ሐይቁ ዳር ስንደርስ አንድ ጎረምሳ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ ጠየቀን። በአንድ ቀን ሦስት ሕግ!

ልጁ ሳቀ። ከሚኒሶታ ተሻግሮ ዊስኮንሲን ሲያጠምድ እሱም እዚያ እንግዳ ነው፤ ከነዋሪው የበለጠ ይከፍላል። ግን ዋጋው የታወቀ ነው፣ ፈቃዱንም ወዲያው ይገዛል። ስንት ዓሣ መያዝ እንደሚችል፣ ከምን ያነሰውን ወደ ውኃው መመለስ እንዳለበት የሚናገር ደንብም አለ። ከፈቃድ የሚገኘው ገንዘብ መልሶ ለዓሣው እንክብካቤ ይውላል። እንግድነቱ ዋጋውን አስወደደበት እንጂ በሩን አልዘጋበትም።

በአማርኛችን «እንግዳ» ሁለት ፊት አለው፦ እግሩ የሚታጠብለት እንግዳና የማናውቀው ባዕድ። ቢሮዎቻችን የሚያውቁት ሁለተኛውን ብቻ ይመስላል።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕግ መሠረት እንዲያስተዳድሩ ለክልሎች ሥልጣን ይሰጣል። በአንቀጽ 32 የመዘዋወር፣ በአንቀጽ 41 በአገሪቱ በየትኛውም ቦታ ሠርቶ የመኖር መብትን ይደነግጋል። አንቀጾቹን ከመስኮቱ ወዲህ ከቆመው ሰው ጋር የሚያገናኘው አንድ ቅጽ ነው፤ የጠፋውም እሱ ነው።

ዓሣውማ ድንበር አያውቅም። የሐዋሳ ሐይቅ አንዱ ዳር ሲዳማ፣ ሌላው ዳር ኦሮሚያ ነው። ቆሮሶ ጠዋት እዚህ፣ ማታ እዚያ ብትዋኝ መታወቂያ አትጠየቅም።

ይህን ስል ሐይቁ ለመጣ ሁሉ ይለቀቅ ማለቴ አይደለም። በዝዋይ ደሴቶች የኖረው የዛይ ሕዝብ ኑሮው ከዓሣ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ቅድሚያ ቢሰጠው ማን ይከፋዋል? ሐይቅም ያልቃል። ማስረጃው አብያታ ነው። ወደ እሱ የሚፈሰው ውኃ ለመስኖ ተጠለፈ፣ የራሱም ውኃ ለሶዳ አሽ ተሳበ። ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዉ በዛ፣ ዓሣው ጠፋ። እዚያ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖችም ሌላ ውኃ ፍለጋ ሄዱ። አብያታን ለዚህ ያበቃው የእንግዳ መንጠቆ አልነበረም።

እኔ የምለው፣ ፈቃድ ሰጪ መጠየቅ ያለበት «ከየት መጣህ?» ብሎ ብቻ ነው እንዴ? «በምን ታጠምዳለህ? ስንት ትወስዳለህ? በሚራባበት ወቅትስ ትታቀባለህ?» ይበል እንጂ! ዛሬ በሌሊት ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ጥሎ የዓሣ ጫጩት የሚያግበሰብሰው፣ መታወቂያው የሰፈሩ ከሆነ፣ የአገር ልጅ ነው። ባለ አንድ መንጠቆው ሽማግሌ ግን ባዕድ!

ያን ቀን ዘንጉ ሳይዘረጋ ተመለሰ። እዚያው ሐይቅ ዳር ዓሣ ጥብስ አዘን በላን። አስተናጋጇ ከየት እንደመጣን አልጠየቀችም፤ ደረሰኝ ግን ሰጠችን።