ስማቸው የጠለሸ እጆች

ዛሬ አሽዶድ የምትባለው የእስራኤል የወደብ ከተማ በመጽሐፍ ቅዱሳችን አዛጦን ናት። ታቦተ ጽዮን ተማርኮ በዳጎን ቤት የቆመው እዚያ ነው። ከአምስቱ የፍልስጥኤማውያን ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ እኛ ፍልስጥኤማውያንን የምናውቃቸው በጠላቶቻቸው ብዕር ነው፤ ያልተገረዙ፣ ጎልያድን ያሰለፉ፣ የሶምሶንን ዓይን ያወጡ ተብለው። ከራሳቸው ወገን የተጻፈ ታሪክ አልደረሰንምና መልስ የሚሰጥላቸው ጠፋ። የስም ማጥፋቱ ነገር በዚያም አላበቃ። በ17ኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር የየና ተማሪዎች የከተማውን ነዋሪ “ፍልስጥኤማዊ” እያሉ ይሰድቡት ጀመር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ገጣሚውና ሐያሲው ማቲው አርኖልድ በእንግሊዞች ዘንድ አስፋፋው። ዛሬ በእንግሊዝኛ አንድን ሰው “ፍልስጥኤማዊ” ማለት ጥበብ አይገባውም፣ ውበት አያውቅም ብሎ ማዋረድ ነው።

ይህን ስድብ የሰማ ሰው እባክህ ሸክላቸውን እየው ቢባል ደስ ይለኛል። አርኪዮሎጂስቱ ሞሼ ዶታን ከ1962 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. የቀድሞዋን አሽዶድ ጉብታ ሲቆፍር የወጣውን ዓይነት ዕቃ፣ በከተማው የፍልስጥኤማውያን ባህል ሙዚየም ቀርቦ ማየት ይቻላል። ፍልስጥኤማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ12ኛው መቶ ዓመት ከኤጂያን ባሕር አካባቢ ሲመጡ የሸክላውን ቅርጽ ከዚያው ይዘው መጡ፤ ጭቃው ግን የአዲሱ አገራቸው ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ማጥለያ ያለው ማንቆርቆሪያቸው ነው። ጡቱ ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግድግዳው አልተቦደሰም፤ ጭቃው ሳይደርቅ በቀጭን እንጨት እየተበሳ ወንፊት ሆኗል። ጠላም ይሁን ወይን ሲቀዳ አተላው ውስጥ ይቀራል። ጭቃው በጣም ርጥብ ሳለ ቢበሳ ቀዳዳው መልሶ ይደፈናል፤ ከደረቀ በኋላ ቢበሳ ይሰነጠቃል። ሠሪው ያችን መሃል ሰዓት ጠብቆ ነው የወጋው። ጆሮውን ደግሞ ከጡቱ ጀርባ ሳይሆን በጎን በኩል አኖረው፤ የሚቀዳው ሰው ክንዱን ሳያነሣ አንጓውን ብቻ እንዲያዞር።

ከዚያ ሥዕሉ አለ። ሸክላው በነጭ ቀለም ተለስኖ፣ በቀይና በጥቁር መስመር በየክፍሉ ተከፍሎ፣ በክፍሉ ውስጥ አንዲት ወፍ አንገቷን ወደ ኋላ መልሳ ላባዋን ታበጥራለች። አንገቷ ከመነሻው እስከ ምንቃሯ አንድ የብሩሽ ጉዞ ነው፤ የተቀጠለበት ቦታ ብትፈልግ አታገኝም። እንዲህ ያለ እጅ ውበት አያውቅም ማለት ግፍ ነው።

በ1968 እ.ኤ.አ. የተገኘችው “አሽዶዳ” የምትባለው 17 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነች የሴት ምስል ከዚህ ሁሉ በላይ ዝነኛ ናት፤ አካሏ ከተቀመጠችበት ወንበር ጋር አንድ ሆኖ በአራት እግር ትቆማለች። ሐሳቡ ድንቅ ነው፤ እኔ ግን ማንቆርቆሪያውን አስበልጣለሁ።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ላይ እስራኤላውያን ብረት ሠሪ ስላልነበራቸው ማረሻቸውንና መጥረቢያቸውን ሊያስሉ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርዱ እንደነበር ተጽፏል። ይህን ሳነብ ጎንደር ትዝ ትለኛለች። ከዚያ አካባቢ ሄደው በዛሬዋ አሽዶድ የሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያን አባቶች ርስት ተነፍገው ብረት የቀጠቀጡ፣ ሸማ የሠሩ፣ እናቶቻቸውም ሸክላ የሠሩ ናቸው። ገበሬው ቀን ማረሻውን አስሎ ይመለሳል፤ ሲመሽ ያንኑ ባለሙያ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ ስሙ ግን በአዋጅ አልጠራም። በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ከተሻገሩም በኋላ፣ የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል መኖሩ በ1996 እ.ኤ.አ. ተጋለጠ።

ከጎንደር አለፍ ብሎ ባለው ወለቃ መንደር እነዚህ እናቶች ከመሻገራቸው በፊት ይሠሩት የነበረውን ጀበና ግን ያየ ያውቃቸዋል። የሚሽከረከር መንኮራኩር የለም፤ ጭቃው ከተፈጨ ገል ጋር ተቦክቶ፣ እየተድቦለቦለና እየተቀጣጠለ በእጅ ይነሣል። እዚህ መዞር ያለባት ሴትዮዋ ናት፤ ጎንበስ ብላ በዕቃው ዙሪያ ትሄዳለች። ጣትህን ወደ ሆዱ ብትሰድ የእሷን ጣት ፈለግ በተርታ ታገኘዋለህ፤ ውጪው ግን ጭቃው ጠንከር ሲል በለስላሳ ጠጠር ታሽቶ መስተዋት መስሏል። ስንጥቅ የሌለበት መሆኑን ለማወቅ በጥፍር መታ ማድረግ ይበቃል፤ ይጮሃል። ጥቁረቱም ቀለም አይደለም። በኩበት ሲተኮስ እሳቱ መጨረሻ ላይ በገለባ ይታፈንና ጭሱ ወደ ሸክላው ገላ ይገባል፤ ብታጥበው አይለቅም።

የእስራኤል ከተሞች ፎቅ ቤት ውስጥ ይህ አይቻልም፤ ኩበቱ ከየት ይመጣል? ጎረቤትስ መች ይፈቅዳል? ብዙዎቹ እናቶች ወደ ስፌትና ጥልፍ ዞረዋል። ሸክላውን ያልተዉት በኤሌክትሪክ ምድጃ ይተኩሳሉ፤ አየር እንደ ልብ ይገባልና፣ ጭስም የለምና፣ ጀበናው ቀይ ሆኖ ይወጣል። ያን ጥቁር የሚፈልግ ሰው ከከተማ ወጥቶ፣ ገለባ ጭኖ፣ እሳቱን የሚያፍንበትን ደቂቃ ከምታውቅ እናት ጋር መቀመጥ አለበት። ያችን ደቂቃ በሰዓት መለካት አይቻልም፤ በጭሱ ሽታና በእሳቱ መልክ የምትታወቅ ናትና፣ የሚያውቁት እናቶች በሕይወት ሳሉ ልጆቻቸው ቢማሩት እወዳለሁ።