የኮምፒዩተር የማዳመጥ ልምምድና የአገር ውስጥ ቋንቋዎች ድምፆች
ከጭሮና ከምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች አንጻር የቀረበ ሒስ

መግቢያ

በውስጠኛው ጆሮ የሚተከለውና ኮክሌር ኢምፕላንት በመባል የሚታወቀው የመስሚያ መሣሪያ የረጅም ዘመን ጥረት ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ጁርኖና ኤይሪየስ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በፓሪስ የመስሚያ ነርቭን በኤሌክትሪክ ኃይል ለመቀስቀስ ሞከሩ። በ1978 ግሬም ክላርክ በሜልቦርን ከተማ ብዙ ኤሌክትሮዶች ያሉትን መሣሪያ በአንድ ጎልማሳ ጆሮ ውስጥ ተከለ። በ1984 ደግሞ አንድ ኤሌክትሮድ ብቻ ያለው ዓይነት በአሜሪካ ለጎልማሶች አገልግሎት እንዲውል በመንግሥት ተፈቀደ። ይህ ሁሉ የሐኪሞችና የመሐንዲሶች ታሪክ ነው። ቀዶ ሕክምናው ተፈጽሞ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ግን መሣሪያው የሚያሰማውን እንግዳ ድምፅ ከታወቀው ቃል ጋር የማገናኘት ሥራ ይቀራል፤ ይህም የሕክምና ሳይሆን የትምህርት ጉዳይ ነው።

ለዚህ ትምህርት በልዩ ልዩ አገሮች በኮምፒዩተር የሚሰጡ የማዳመጥ ልምምዶች ተዘጋጅተዋል። ልምምዶቹ ይዘት፣ ዘዴና መመዘኛ እስካላቸው ድረስ እንደማንኛውም ሥርዓተ ትምህርት ሊመረመሩ ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ልምምዶቹ በተሠሩበት አገር ያስገኙትን ጥቅም ሳይክድ፣ እንዳሉ ተወስደው በጭሮ (በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ)፣ በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በሒርና ወይም በሚኤሶ ለሚኖር ጎልማሳ ቢሰጡ የሚጎድላቸውን ማሳየትና የሚበጀውን መንገድ ማመልከት ነው።

መሣሪያው የሚሰጠውና የማይሰጠው

ጤናማ የሆነ ውስጠኛ ጆሮ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉ 3,500 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉት። የእነዚህን ሥራ የሚተኩት ኤሌክትሮዶች ግን ዛሬ በስፋት በሚታወቁት መሣሪያዎች እንደየፋብሪካው ከ12 እስከ 22 ብቻ ናቸው። ከዚህ የተነሣ የድምፅ እርዝማኔና እጥረት፣ መቋረጥና መቀጠል፣ መጉላትና መድከም በመጠኑ በደህና ሲተላለፍ፣ አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየው ረቂቅ የቅጥነትና የውፍረት ልዩነት በአብዛኛው ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሰው ንግግር እንደ ማሽን ድምፅ ሆኖ እንደሚሰማቸው ብዙ ተጠቃሚዎች የሚናገሩትም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ በማጅራት ገትር ሕመም ወይም እንደ ስትሬፕቶማይሲን ባሉ መድኃኒቶች ጉዳት ምክንያት በጎልማሳነቱ መስማት የተሳነው ሰው ቋንቋውን አልረሳም። የቃላቱ መልክ በአእምሮው ተቀምጧል። የልምምዱ ተግባር አዲሱን ድምፅ በልቡ ካለው ቃል ጋር ማስታረቅ ነው። እንግዲህ ልምምዱ በየትኛው ቋንቋ ይሰጥ የሚለው ጥያቄ የምቾት ሳይሆን የመሠረት ጥያቄ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

የልምምዶቹ ጥቅምና ወሰን

ከሚታወቁት ልምምዶች መካከል በሎስ አንጀለስ ኪያን ጄ ፉ እና ጆን ጋልቪን ካካሄዱት ምርምር የተገኘውና ያለ ክፍያ የሚሰጠው «ኤንጀል ሳውንድ» አንዱ ነው። ተማሪው አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ከፊቱ ከተደረደሩት አማራጮች የሰማውን ይመርጣል፤ ቢሳሳት ኮምፒዩተሩ ትክክለኛውንና የተሳሳተውን ደጋግሞ በማሰማት ያነጻጽርለታል። ትምህርቱ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በደረጃ ይሄዳል። ስዊቶውና ሳቤስ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱን ያቀረቡት «ሌስ» የተባለው ልምምድ ደግሞ በጫጫታ መካከል የሚነገረውን ለመለየት፣ ፈጣን ንግግርን ለመከታተልና የሰሙትን በአእምሮ ለመያዝ የሚያለማምድ ነው።

የዘዴው መልካም ጎን ሊካድ አይገባም። ኮምፒዩተር አይሰለችም፤ መቶ ጊዜ ቢጠየቅ መቶ ጊዜ ይደግማል። ከሁሉም በላይ ጎልማሳው በሰው ፊት በመሳሳት የሚደርስበትን እፍረት ያስቀርለታል። የጎልማሶችን ትምህርት የሚያውቅ ሁሉ ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አይስተውም።

የፍሬው ወሰን ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። ሄንሾና ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ግምገማ የመስማት ጉድለት ላለባቸው ሰዎች በኮምፒዩተር ስለሚሰጥ የግል ልምምድ የተደረጉ 13 ጥናቶችን መርምረው ነበር። የደረሱበትም መደምደሚያ ተማሪዎች በተለማመዱት ተግባር መሻሻላቸው ቢታይም፣ መሻሻሉ ወደ ዕለት ተዕለት ንግግር መሸጋገሩ ትንሽና ያልጸና መሆኑን፣ የማስረጃውም ጥራት ዝቅተኛ መሆኑን የሚገልጽ ነው። ከዚያ በኋላ በ2016 ሳውንደርስና ባልደረቦችዋ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ በሚጠቀሙ የቀድሞ ወታደሮች ላይ ያደረጉት ሰፊ ሙከራም «ሌስ»ን መጨመር ከመሣሪያው ብቻ የበለጠ ጉልህ ጥቅም እንዳላስገኘ አመልክቷል።

እነዚህ ጥናቶች ልምምድ ከንቱ ነው አይሉም። የሚሉት የሰው ጆሮ በአብዛኛው የተለማመደውን ያንኑ ይማራል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው በገዛ ቋንቋው ሲለማመድ እንኳ ትምህርቱ ወደ ቤቱና ወደ ገበያው በቀላሉ የማይሻገር ከሆነ፣ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ተናጋሪው በእንግሊዝኛ ተለማምዶ በጭሮ ገበያ ይጠቀማል ብሎ መጠበቅ ከማስረጃው ጋር አይስማማም።

የጠብቆና የላልቶ ጉዳይ

በእንግሊዝኛ የአንድ ተነባቢ መጥበቅ ወይም መላላት በአንድ ቃል ውስጥ ትርጉምን አይለይም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተሰናዳ ልምምድ ይህን የሚያስተምርበት ምክንያት የለውም። በአማርኛ ግን «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል። «ዋና» ሲጠብቅ ከሁሉ የሚበልጠውን፣ ሲላላ ውኃ ላይ መንሳፈፍን ይገልጻል። «አለ» እንኳ በመጥበቅና በመላላቱ መኖርንና መናገርን ይለያል። እንደዚሁም «ጠፋ»ን ከ«ተፋ»፣ «ቀዳ»ን ከ«ከዳ» የሚለየው ጉሮሮ ተዘግቶ የሚወጣው ድምፅ በእንግሊዝኛው ልምምድ ውስጥ ስፍራ የለውም።

በኦሮምኛም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ተነባቢው ይጠብቃል፣ ይላላል፤ በተጨማሪም አናባቢው ያጥራል፣ ይረዝማል። «ለፈ» ሲባል መሬት፣ «ላፋ» ተብሎ ሲረዝም ለስላሳ ማለት ነው። በ«ደ» እና ቀድሞ በግዕዝ ፊደል «ዸ» ተብሎ ይጻፍ በነበረው ድምፅ መካከል ያለው ልዩነትም ትርጉም ይለውጣል። ከዚህም አልፎ የሐረርጌው አነጋገር የራሱ ጠባይ አለው፤ በሌላ አካባቢ «ከ» ተብሎ የሚነገረው በዚህ ብዙ ጊዜ ወደ «ኸ» ይጠጋል። በመሆኑም ልምምዱ በኦሮምኛ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ጎልማሳው ከመስማት ጉድለቱ በፊት ይሰማው በነበረው አነጋገር መቀዳት አለበት።

በዚህ ረገድ ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጂ የሚጠቅም አንድ ነጥብ ይገኛል። መሣሪያው የድምፅን እርዝማኔና መቋረጥ ከረቂቁ የቅጥነትና የውፍረት ልዩነት የተሻለ የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ በእርዝማኔ ላይ የቆመው የጠብቆና የላልቶ፣ የአጭርና የረጅም አናባቢ ልዩነት ለአዲሱ ተጠቃሚ ቀደም ብሎ ሊደረስበት የሚችል ትምህርት እንደሚሆን ይገመታል። «በ»ን ከ«ደ»፣ «ሰ»ን ከ«ሸ» እና ከ«ፈ» መለየት ግን ዘግይቶ የሚመጣ ይሆናል። ግምቱ በሙከራ መረጋገጥ ይኖርበታል። ከተረጋገጠ ግን የአገር ውስጥ ቋንቋዎች ጠባይ እንቅፋት ሳይሆን የትምህርቱ መግቢያ በር ይሆናል፤ በትርጉም ሥራ ብቻ የሚዘጋጅ ልምምድ ይህን በር ሳያየው ያልፋል።

የጽሕፈቱ ችግር

የምርጫ ዘዴው ራሱም ሌላ ችግር ያስከትላል። በእንግሊዝኛው ልምምድ ሁለት ቃላት በጽሑፍ ጎን ለጎን ይቀርባሉ፤ ተማሪው የሰማውን ይጠቁማል። በአማርኛ ግን የጠበቀውና የላላው «ገና» አጻጻፋቸው አንድ ነው። በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ሁለት ጊዜ «ገና» ቢጻፍ ተማሪው የቱን ይመርጣል? መፍትሔው ቃሉን በሥዕል ማሳየት ወይም በዓረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት ነው። በአንጻሩ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ የሚጻፍበት ቁቤ ተነባቢውንም አናባቢውንም በመደረብ ልዩነቱን በግልጽ ስለሚያሳይ፣ የጽሑፍ ምርጫ ለኦሮምኛ ይስማማል። ስለሆነም አንዱ ልምምድ ለሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ ቅርጽ ሊሠራ አይችልም።

ማንበብ ለማይችለው ጎልማሳ ደግሞ ሁለቱም ጽሕፈቶች አይረዱትም። መስማት ያቃተው ሰው ማንበብም ስላልቻለ ከልምምዱ ቢወገድ፣ ጉድለቱ የሰውየው ሳይሆን የትምህርቱ ነው።

ከአገር ውስጥ ተሞክሮ የሚገኝ ትምህርት

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ያለ ተሞክሮ አይደለችም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ጎልማሳ ፊደልን የሚማረው ከሚያውቀው ድምፅ ተነሥቶ መሆኑን ዘመቻው በተግባር ተቀብሎ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ከውጭ አገር ተቀድቶ በእንግሊዝኛ ስለ ቀረበ፣ ፍጥነቱም ለሁሉ አንድ ስለ ነበር፣ ተማሪው ሳይገባው ትምህርቱ አልፎት ይሄዳል የሚል ብርቱ ወቀሳ አስከትሏል። የመጀመሪያው ተሞክሮ ከተማሪው ቋንቋ ተነሣ፤ ሁለተኛው ከመሣሪያው ተነሣ። የማዳመጥ ልምምድ የትኛውን ሊከተል እንደሚገባ ለማንም ግልጽ ነው።

ለምዕራብ ሐረርጌ የሚበጀው

አንደኛ፣ የልምምዱ ቃላት ከአካባቢው ኑሮ ሊለቀሙ ይገባል። በኦሮምኛ ስምንትና ዘጠኝ፣ «ሰዴት» እና «ሰገል»፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ ስለሚጀምሩ ጫት ወይም ቡና የሚሸጥ ሰው ቢያሳስታቸው የሚከስረው በገንዘቡ ነው። የዋጋ፣ የከተማ፣ የዘመድና የሰላምታ ቃላት ከውጭ ከመጣ የቃላት ዝርዝር ይልቅ ሊቀድሙ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ድምፁ የወንድም የሴትም፣ የሽማግሌም የወጣትም ይሁን፤ መጀመሪያ በጸጥታ፣ ቀጥሎ በእውነተኛ የገበያና የመናኸሪያ ጫጫታ መካከል ይቀዳ። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥሩ ማይክሮፎን፣ ጸጥ ያለ ክፍልና የቋንቋውን ድምፆች የሚያውቅ መምህር ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ሦስቱንም ማግኘት አያቅታቸውም።

ሦስተኛ፣ ልምምዱ ያለ ኢንተርኔት በስልክ ላይ የሚሠራ ይሁን። አዲስ አበባ ከጭሮ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ለእያንዳንዱ ትምህርት መመላለስ የማይታሰብ ነው።

አራተኛ፣ ከኮምፒዩተሩ ጎን ሰው ይኑር። በቀን ለጥቂት ደቂቃ አፉን ሸፍኖ የሚያነብለት፣ የሰማውንም መልሶ እንዲናገር የሚያደርገው የቤተሰብ አባል ቢሠለጥን፣ ጥናቶቹ ጎድሎ ያገኙት ከልምምድ ወደ ኑሮ የመሻገር ጉዳይ መፍትሔ ሊያገኝ ይችላል። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅም ከሆነ ልምምዱ ያን እንዲተው ሊያስገድደው አይገባም።

መደምደሚያ

በኮምፒዩተር የሚሰጠው የማዳመጥ ልምምድ የተማሪውን ክብር የሚጠብቅ፣ ትዕግሥት የማያጣ መልካም የማስተማሪያ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ የሚያስተምረው የተጫነበትን ቋንቋ ብቻ ነው። በከፍተኛ ወጪና ሥቃይ መሣሪያው የተተከለለት ጎልማሳ በማያውቀው ቋንቋ ድምፅ ተለማምዶ በገበያው አልሰማ ሲለው፣ ጥፋቱን በመሣሪያው ወይም በገዛ ራሱ ላይ ይጥላል፤ መሣሪያውንም አውልቆ በሣጥን ይከትተዋል። ይህ እንዳይሆን መከላከል የሐኪሙ ሥራ ብቻ ሊሆን አይችልም። በጠብቆና በላልቶ፣ በአጭርና በረጅም የተለዩ ቃላትን መርጦ፣ በአካባቢው ሰው ድምፅ ቀድቶና በደረጃ አደራጅቶ ማቅረብ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ድርሻ ነው።