«ሆት ኮፊ»፦ የተቀለደበት ቡናና የ1,000 ብር ጣሪያ

«አንዲት አሜሪካዊት ቡና ደፍታ ሚሊየነር ሆነች» የሚለውን ቀልድ ሳትሰሙ አትቀሩም። እኔ የሰማሁት ተማሪ ሳለሁ፣ ደብረ ታቦር ቡና ተፈልቶ ስንጫወት ነው፤ በጣም ስቄያለሁ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን «ሆት ኮፊ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም አየሁና ሳቄ ጠፋ። ቆይ፣ ቁጥሮቹን ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ የ79 ዓመት አዛውንት በቆመ መኪና ውስጥ እንዳሉ የማክዶናልድ ቡና ጭናቸው ላይ ተደፋ። ኩባንያው ቡናውን የሚያቀርበው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርጎ ነበር። በዚህ ሙቀት ቆዳ እስከ ውስጥ ለመቃጠል ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። «የእኛስ ቡና?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ! ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግን የእኛ ሲኒ ትንሽና አፉ ክፍት ነው፣ ቡናው ቶሎ ይበርዳል። የእሳቸው ክዳን ያለው ሙቀት የሚይዝ ኩባያ ነበር፤ የለበሱት ሱሪ ደግሞ ፈሳሹን መጥጦ ቆዳቸው ላይ አቆየው።

ሆስፒታል 8 ቀን ተኙ፣ ቆዳም ተተከለላቸው። 20,000 ዶላር ጠየቁ፤ ኩባንያው 800 አቀረበ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት ከ700 በላይ የቃጠሎ አቤቱታ ለኩባንያው ቀርቦ እንደነበር ታወቀ። ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ መካከል የተመረጡት ፈራጆች፣ 160,000 ዶላር ካሳና 2.7 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ወሰኑ። ዳኛው መቀጫውን ወደ 480,000 አወረዱት፤ በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች በምስጢር ተስማሙ። ቀልዱ ውስጥ የቀረው 2.7 ሚሊዮኑ ብቻ ነው።

ፊልሙ የሚጎብዘው ከዚህ በኋላ ነው። ቀልዱ የፖለቲካ ማስታወቂያ ሆነ። የንግድ ማኅበራት ግዛቶች ለካሳ ጣሪያ እንዲያበጁ ሲወተውቱ «ክስ በዛ» የሚል ዘመቻ ከፈቱ፤ ከገንዘብ ሰጪዎቹ መካከል የትምባሆ ኩባንያዎች ነበሩ። በብዙ ግዛቶች ዳኛን የሚመርጠው ሕዝብ ነው (እኛ ጋ የለም)፤ ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ዳኞች ምርጫም ገባ። እ.ኤ.አ. በ2000 በሚሲሲፒ ኦሊቨር ዲያዝ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲወዳደሩ የአሜሪካ የንግድ ምክር ቤት ተቀናቃኛቸውን የሚደግፍ ማስታወቂያ አሰራጭቷል። እሳቸው ግን አሸነፉ።

ፊልሙን ግን በሙሉ ልቤ አላመሰግነውም። ዳይሬክተሯ ሱዛን ሳላዶፍ ራሷ ለዓመታት የተጎጂዎች ጠበቃ ነበረች፤ ያስታውቃል። የከሳሽ ጠበቆች ብዙ ጊዜ ከካሳው ሲሶ ገደማ እንደሚወስዱ፣ እነሱም ለፖለቲከኞች ገንዘብ እንደሚሰጡ ፊልሙ ቸኩሎ ያልፈዋል። የሐኪሞች የኢንሹራንስ ክፍያ ናረ የሚለው የሌላው ወገን ክርክርም በቂ ቦታ አላገኘም። እኛ ኢንጂነሮች እንዲህ ያለ ግማሽ ግራፍ ብናቀርብ አማካሪያችን ይመልስብናል።

ልቤን የነካኝ የነብራስካው ታሪክ ነው። ሲወለድ በሕክምና ስህተት አእምሮው ለተጎዳ ልጅ ጁሪው 5.6 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ፤ የግዛቱ ሕግ ግን ጣሪያው 1.25 ሚሊዮን ነው አለ። ለቀረው እንክብካቤ የሕዝብ ግብር ይገባበታል። ማለትም ጣሪያ ሲበጅ ወጪው አይጠፋም፤ ከፋዩ ይቀየራል እንጂ። ደግሞ ጣሪያ የቆመ ቁጥር ነው፤ ኑሮ ግን አይቆምም። ካሊፎርኒያ በ1975 ለሕመምና ለስቃይ ካሳ ያበጀችው የ250,000 ዶላር ጣሪያ ከፍ እንዲል የወሰነችው በ2022 ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከፍ እናድርገው የሚል የሕዝበ ውሳኔ ሐሳብ ቀርቦ፣ ከብዙ ማስታወቂያ በኋላ ወድቋል።

«ይሄ የአሜሪካ ጣጣ ነው» እንዳትሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2116 ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሐዘንና ለስቃይ፣ የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይላል። ለሕክምናና ለታጣ ገቢ የሚከፈለው ሌላ ነው። ያኔ አንድ ዶላር 2 ብር ከ50 ገደማ ስለነበር ጣሪያው ወደ 400 ዶላር ይጠጋል፤ ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም። 1,000 ብር አሁን ስንት ኪሎ ቡና እንደሚገዛ እናቶቻችሁን ጠይቋቸው።