ቀጋ በበርኖስ ላይ

«ጽጌረዳ ይጠለፍልኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ በልቡ የያዛት ከሆለታና ከዝዋይ በካርቶን ታሽጋ የምትላከውን፣ ተደራርባ የምትፈካውን አበባ ነው። እኔ ግን ለዓርማ የምትሆነው የአጥሯ ጽጌረዳ ናት ባይ ነኝ። የእንግሊዞቹ የዮርክ መሳፍንት የያዟት ነጭ ጽጌረዳ አምስት ነጭ ቅጠል፣ መሐሏ ወርቅማ፣ በቅጠሎቹ መካከል ብቅ ያሉ አምስት አረንጓዴ ጫፎች ያሏት ናት። የመንዝ ሰው ይህን ሲሰማ ቀጋ ትመጣበታለች፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለች ብቸኛዋ ጽጌረዳ።

ቀጋ የምታብበው በዘለላ ነው፤ ዓርማ ግን አንዷን ነጥሎ ይፈልጋል። አረንጓዴዎቹን ጫፎች ለማየት አበባዋን መገልበጥ ያስፈልጋል። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ከጀርባዋ አውጥተው ከፊት አሳዩአቸው። በዚህ እጅግ አደንቃቸዋለሁ፤ ጫፎቹ ባይኖሩ አምስቱ ነጮች ከሩቅ አንድ ክብ ይሆኑ ነበር።

በጥልፍም ጭንቁ ነጭን ከነጭ መለየት ነው። ዙሪያውን በጥቁር ክር መክበብ ይቀላል፤ አበባዋ ግን ትደርቃለች። እኔ የሐሩን ክር ከጠርዝ ወደ መሐል እያስተኛሁ በየቅጠሉ አቅጣጫውን እቀይራለሁ። ሐር ብርሃን የሚመልሰው እንደ አተኛኘቱ ነውና ያው ነጭ ክር አንዱ ቅጠል ላይ ያበራል፣ አጠገቡ ላይ ይደበዝዛል፤ ድንበሩ ያለ መስመር ይወጣል። በየቅጠሉ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ስርጉድ ከተዘለለች ቀጋነቷ ይጠፋል።

የዮርኩ ኤድዋርድ አራተኛ በ1461 እ.ኤ.አ. በሞርቲመርስ ክሮስ ድል ካደረገ በኋላ ጽጌረዳዋን ከፀሐይ ጨረር ጋር አጣመራት፤ በ1485 ዙፋን የያዘው ሄንሪ ሰባተኛ ደግሞ ከተቀናቃኙ ቤት ቀይ ጽጌረዳ ጋር አዋሃዳት። ይህን ሁሉ የቻለችው ቅርጿ ቀላል ስለሆነ ነው።

የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ ከመንዙ ነጋሲ ክርስቶስ ይመዘዛል፤ ምልክታቸው ግን አንበሳ ሆነ። በዳግማዊ ምኒልክ ማኅተም ላይ አንበሳው ዘውድ ደፍቶ መስቀል ይዟል። ግርማውን እወደዋለሁ። በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ሲጠለፍ ግን እግሩና ጅራቱ ይደባለቃሉ፤ ቀጋ በዚያ ስፋትም ቀጋ ናት።

ቦታዋ ጥቁሩ የመንዝ በርኖስ ነው። የበጉ ሱፍ ሻካራ ስለሆነ ሐሩን ይውጠዋል፤ አስቀድሞ ከሥሩ በጥጥ ክር መደልደል ያስፈልጋል። ወደ ላይ የሚቆመው ቅጠሉ ይሁን አረንጓዴው ጫፍ፣ በዮርክሻየር ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። እኔ ቅጠሉን ወደ ላይ አቆማለሁ፤ ሁለቱ ከታች ስለሚቀመጡ በርኖሱ ከትከሻ ሲወርድ አበባዋ አታጋድልም።