ለገሃር፦ ሽፋኑና ገጾቹ

መቸም እኛ ሐሙሲት ያደግን ሰዎች ባቡር ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለን ወፍጮ ነው። ባሕር ዳርም ጎንደርም የምንሄደው በመኪና ነው፤ ሐዲድ በአጠገባችን አልፎ አያውቅም። ታዲያ ስለ ለገሃር ልጽፍ ስነሣ «አንተን ደግሞ ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኛል፤ በየጽሑፉ የምናነበው ለገሃር እንደኔው ባቡር ተሳፍሮ በማያውቅ ሰው ዓይን የታየ ነውና።

ምን ያሳዩናል? ሕንፃውንና አንበሳውን። ሕንፃው በ1922 ዓ.ም. ተመርቆ ከቸርችል ጎዳና ግርጌ ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይመለከታል። የይሁዳ አንበሳ በ1923 ለንግሡ በዓል ከፊቱ ቆመ፤ ጣልያን ነቅሎ ሮማ ወሰደው። በ1930 ዘርአይ ደረስ ሮማ ላይ ጎራዴ የመዘዘበት ታሪክም ከዚሁ አንበሳ ጋር ተያይዞ ይነገራል። አንበሳው ኋላ ተመልሶ ከቦታው ቆመ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ሽፋን ነው።

ገጾቹ ከሕንፃው ጀርባ ናቸው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረርን በተራራዋ ምክንያት ወደ ጎን ትቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዪቱም በእርሱ ተወለደች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በዚህ 784 ኪሎ ሜትር ላይ ቡናና ቆዳ ወርዷል፤ በሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሄደውበታል፤ የድሬዳዋ ሴቶች ኮንትሮባንዳቸውን ከፈታሽ ዓይን ደብቀው ተመላልሰውበታል። ንጉሡን ሁሉም ይጽፋል። ሴትዮዋን ግን ማን ጻፋት? ጨርቁን ከቀሚሷ ሥር ስትጠመጥም ከጎኗ የተቀመጠው ተሳፋሪ ምን አላት? ልቦለድ ማለት እኮ እዚያ ነው ያለው!

ስሙ ራሱ ከብዙዎቹ ጽሑፎች ይበልጣል። ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ያሉት ጣቢያ በሕዝቡ አፍ ለገሃር ሆኖ፣ «ለገ» ብለው ወንዝን ከሚጠሩት የኦሮምኛ ስሞች፣ ከለገጣፎና ከለገዳዲ መካከል እንደ አገሬው ተቀምጧል። ይህን የሠራው ኩሊው፣ ጋሪ ነጂው፣ ቲኬት ቆራጩ ነው፤ ደራሲ አይደለም።

ዛሬ ከዚያ ጣቢያ ባቡር አይነሣም። በ2009 የተመረቀው አዲሱ መስመር መንገደኛ የሚያሳፍረው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው። የለገሃርን ሰፈር አፍርሶ ለመሥራት በ2011 ውል ሲፈረም አሮጌው ሕንፃ በቅርስነት እንደሚቆይ ተነግሯል። ይቁም፤ ደስ ይለኛል። ሽፋኑ ተረፈ ማለት ነው። ያቺ ሴትዮ ግን አርጅታለች፤ ቅርስ ብሎ የመዘገባትም የለም። ከመካከላችን የድሬዳዋ ልጅ ካለ ለክረምት እረፍት ሲሄድ ደብተር ይያዝ፤ ለሚቀጥለው እትም አራት ገጽ እናስቀርለታለን።