መሪው ከመፈታቱ በፊት

መሪ ሲንኳኳ «የመሪው ጥርስ ሄዷል፣ ይቀየር» ማለት ቀላል ነው። የሚደነቀው ግን ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት በእጁ የሚያዳምጥ መካኒክ ነው። መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ረዳቱ መሪውን በጥቂቱ ግራና ቀኝ ሲወዘውዝ፣ እሱ ከሥር ተኝቶ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በመዳፉ ይይዛል፤ የላላው ራሱን ያጋልጣል። ከዚያ በክሪክ አንስቶ ጎማውን ይነቀንቃል፤ ግራና ቀኙ ሲያዝ ብቻ ከተጫወተ ጥርጣሬው ወደ መሪው ዘንግ ጫፎች ያመራል፣ ከላይና ከታች ተይዞም ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ይፈተሻል።

«ጊዜ ማባከን ነው፣ ሙሉውን መቀየር ይገላግላል» የሚሉ አሉ። በመሪው ጥርስ ላስቲክ ሽፋን ውስጥ ዘይት ከተጠራቀመ ወይም ጥርሱ ከተበላ እውነታቸውን ነው። (ያኔም መሪው ታስሮ ካልተያዘ፣ ከመሪው ወደ ጥርሱ የሚወርደው ዘንግ ሲላቀቅ በነፃ ዞሮ የኤርባጉን ጥምዝ ገመድ ሊበጥስ ይችላል፤ አላይመንት ሳይሠራ መውጣትም ጎማ ማስበላት ነው።) ጥፋቱ የአንድ ዘንግ ጫፍ ከሆነ ግን ውዱ ዕቃ ሁሉ ተቀይሮም ኳኳታው ላይለቅ ይችላል። መካኒክዎ ከመኪናው ሥር ሳይገባ ዋጋ ከነገረዎት፣ መጀመሪያ እንዲገባ ይጠይቁት።